ሰሙ ያልተነካው ፖስታ

ባለፈው ማክሰኞ በላይኛው የውኃ ማጠራቀሚያ ስለ ተከፈተው በር ሁለት ቃል ተቀብያለሁ። ሁለቱም በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን አይስማሙም።

የመጀመሪያው የመልእክት ክፍል ኃላፊው ቃል ነው። እንዲህ ይላል፦ «የሳምንቱን ቁልፍ ሰኞ ጠዋት በእጄ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ በክር አስሬ፣ በሰም አትሜ ለላይኛው ጣቢያ ራሴ አስረክቤአለሁ። ርክክቡ ሲደረግ ሰሙ አልተሰነጠቀም፣ ክሩም አልተፈታም። ስለዚህ ቁልፉ ባዕድ እጅ አልገባም። በሩን የከፈተው መሣሪያው ራሱ ነው። ዝናብ የገባበት መሣሪያ የሚሠራውን አያውቅም።»

ሁለተኛው የኢንጂነሯ ቃል ነው፦ «መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ዝናብም አልገባበትም። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ በሬዲዮ "በሩን ክፈት" የሚል ትእዛዝ ደርሶታል። ትእዛዙ በዚያ ሳምንት ትክክለኛ ቁልፍ የተቆለፈ ነበር፤ ከመልእክት ክፍላችን ግን አልወጣም። ስለዚህ ቁልፉን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ።»

ነገሩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ስለ መሥሪያ ቤታችን ጥቂት ልበል። እኛ ለከተማው ውኃ የምናከፋፍል ሰዎች ነን። በየኮረብታው ላይ ያሉት አራት ጣቢያዎች በሮቻቸውን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ከማእከል በሬዲዮ በሚላክ ትእዛዝ ነው። አየር ደግሞ አጥር የለውም፤ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ትእዛዝ መስጠት እንዳይችል እያንዳንዱ ትእዛዝ በምስጢር ቁጥር ይቆለፋል። ቁልፍ የምንለው ይህን ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ቁልፍ አለው፤ በየሰኞውም ይለወጣል።

በሩ ለአርባ ደቂቃ ክፍት ቆየ። ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የታችኛው ሰፈር አናጺ ግን ወርክሾፑ እስከ ወገብ ውኃ ሞልቶበት፣ ሊያስረክበው የነበረው የትምህርት ቤት ወንበር ሁሉ አብጦ ተበላሸበት። የሥራ አመራሩ ቦርድ የጉዳዩን ሪፖርት እንድጽፍ ያዘዘው ጸሐፊውን፣ ማለትም እኔን ነው። ቀኑም እስከ ዓርብ ተቆርጦልኛል።

ሪፖርቱ ከበደኝ። ቁልፉ ከተጻፈበት ጠረጴዛ ተነሥቶ ጣቢያው እስኪደርስ በሦስት ሰዎች እጅ ብቻ ያልፋል፤ በኃላፊው፣ በሹፌሩና በጣቢያዋ ሠራተኛ። «ቁልፉ ወጥቷል» ብዬ ጽፌ እንዴት እንደ ወጣ ካልጻፍኩ፣ ከሦስቱ አንዱ የሌባ ስም ይዞ ይቀራል። የሁሉም ዓይን ያረፈው ደግሞ ቁጥሩን በሚጽፉት በኃላፊው ላይ ነበር። እሳቸውም ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሦስት ወር ነው።

ኃላፊውን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ከዳይሬክተሩ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ ሁሉም «ጋሽ ማኅተም» ነው የሚላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የናስ ማኅተማቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ቀዩን ሰም በትንሽ ቆርቆሮ ይዘው ኖረዋል። ፖስታ የሚያስሩበትን ቋጠሮ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። ኢንጂነሯ ደግሞ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች በጣታቸው ጠረጴዛ እያንኳኩ የቴሌግራም ምልክት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እሷም ሬዲዮ መውደድ የጀመረችው ያኔ ነው። ተምራ ስትመለስ «ቁልፉን በኳንተም ዘዴ፣ በብርሃን ቅንጣት እናድርሰው፣ ከሬዲዮ አውታራችን ጋር እናዋሕደው» የሚል ሐሳብ ይዛ መጣች። ቦርዱ ወደደው። የቀረው የመልእክት ክፍሉን ለአዲሱ መሣሪያ ለማስረከብ የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነበር። እሳቸው ሲያመነቱ ጎርፉ መጣ። ከጎርፉ በኋላማ ጨርሶ እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ አጎትና የወንድም ልጅ በመተላለፊያ ሲገናኙ በዓይናቸው ብቻ ነበር ሰላም የሚባባሉት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ላይኛው ጣቢያ ልሄድ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ኮረብታው በሚወጣው መንገድ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ አጠገቤ ቆመ።

«ግባ ጸሐፊው!» አለ ሹፌሩ። «ተጠርጣሪዎች ሁሉ ተሟልተናል፤ የጎደለን መርማሪ ነው።»

በሩን ስከፍት ጋሽ ማኅተም ከፊት ተቀምጠዋል፤ የኮታቸው የደረት ኪስ በአራቱ ጣቢያዎች ፖስታ ወጥሯል። ከኋላ ኢንጂነሯ አለች። መኪናዋ ጠዋት አልነሣ ብሏት ሹፌሩ ከመንገድ እንዳነሣት በኋላ ሰማሁ። ሁለቱም በአንድ መኪና ለመሄድ አልተቀጣጠሩም፤ አንዳቸው የግራውን መስኮት፣ አንዳቸው የቀኙን ይመለከታሉ።

ሹፌሩ ዝምታ የሚችል ሰው አይደለም። «እኔማ» አለ የሚያንጎራጉረውን ዘፈን አቋርጦ ማርሹን እየለወጠ፣ «ቁልፉን ብሰርቅ ኖሮ መጀመሪያ የራሴን ሰፈር በር ነበር የምከፍተው። በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ የሚመጣለት ሰው ምን በወጣው ነው ለአናጺ ውኃ የሚልከው?»

ጋሽ ማኅተም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ፈገግታው በር ከፈተላቸውና ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«እስቲ ልጄ፣ ሰው ባለበት ልጠይቅሽ። ይህ ኳንተም የምትሉት ነገር ሬዲዮዬን ምን ሊያደርገው ነው? ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለንን ጡረታ ልታወጡት ነው?»

«ሬዲዮ የትም አይሄድም አጎቴ» አለች ኢንጂነሯ በትሕትና። «ገመድ ለአንዳንድ ጣቢያ ቢደርስም፣ በየገደሉ ላለው በር ሁሉ ልንዘረጋ አንችልም። ትእዛዙ እንደ ወትሮው በአየር ይሄዳል፤ አንቴናውም፣ ሞገዱም ያው ነው። በብርሃን የሚመጣው ቁልፉ ብቻ ነው። ሬዲዮው ትእዛዙን በዚያ ቁልፍ ቆልፎ ይልካል። የሚለወጠው ሬዲዮው ሳይሆን ፖስታው ነው።»

«ፖስታው እኮ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

ሹፌሩ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«እኔስ ብትሉ?» አለ ሹፌሩ። «የፖስታው ጎማ አይደለሁም?»

«አትቀልድ አንተ። ነገሩ እንዲህ ነው ልጄ። ከጎርፉ በፊት ብፈርም "ጋሽ ማኅተም ዘመናዊ ሰው ናቸው" ይባል ነበር። ዛሬ ብፈርም ግን ምን ይባላል? "ሲነቃባቸው ለቀቁ" ነው የሚባለው። ማኅተሜ አልተነካም ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አዲሱን መሣሪያ መቀበል ያንን ቃል መብላት ነው።»

«ማኅተምዎ ተነክቷል ያለ የለም።»

«ቁልፉን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ብለሽ የጻፍሽው ምን ማለት ነው ታዲያ? ሰው ቁጥሩን በሕልሙ አላየው!»

እኔም በልቤ ፍርዱን ለማንኛቸው መስጠት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ሽማግሌውን ሳያቸው የማይዋሹ ሰው ናቸው። እሷም የመሣሪያውን መዝገብ አንብባ እንጂ ገምታ አልጻፈችም። ሁለት እውነተኛ ሰዎች ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው በመካከላቸው ያለ አንድ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን አላልኩም፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለ ነበር የፊቱን ወንበር በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

የላይኛው ጣቢያ ከኮረብታው ጫፍ፣ ከአስፋልቱ አጠገብ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ጣራው ላይ አንቴና፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ውጭ የአውቶቡስ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር አለ። የጣቢያዋ ሠራተኛ እትዬ የሚሏት ወፍራም፣ ፈጣን ሴት ናት። ዘበኛው ደግሞ ረጅም፣ ጆሮው የሚከብደው፣ ካፖርቱን በበጋም የማያወልቅ ሰው ነው።

ርክክቡን እንደ ቅዳሴ ጸጥ ብለን ተመለከትን። ጋሽ ማኅተም ፖስታውን ከኪሳቸው አወጡ። በማጉያ መነጽር ሰሙን አዩት፣ ክሩን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት፣ ለእትዬም አሳዩአት። እሷ ፈረመች፤ እሳቸውም ፈረሙ። በሌላ ሰኞ ወዲያው ወደሚቀጥለው ጣቢያ ያልፋሉ። ዛሬ ግን በእኔ ምክንያት ቆዩ።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ። የመሣሪያው ማቀዝቀዣ ፋን ስላጉረመረመብኝ ወጥቼ፣ ከአጥሩ ውጭ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው «እንዴት ነው፣ ሰውዬው ተገኘ?» አሉኝ። «ገና ነው ክቡርነትዎ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አጠገቤ አንዲት ሴት ዘምቢሏን ይዛ፣ አንድ ሰውም ጋዜጣ እያነበበ አውቶቡስ ይጠብቃሉ።

ያን ጊዜ ከጣቢያው መስኮት የዘበኛው ድምፅ መጣ። «አራት! ዜሮ! ሰባት! ሁለት!» ትንሽ አረፈ። «ሁለት! ዘጠኝ! ዘጠኝ! አንድ!»

ሴትየዋም ሰውየውም ቀና አላሉም፤ የየሰኞው ጩኸት ለምደውታል። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ፤ እጄ የሰማውን መጻፍ ልማዱ ነው። ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩ። አርባ ቁጥር ነበር፤ አንድም አላመለጠኝም።

ሮጬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ማስታወሻዬን በጠረጴዛው ላይ፣ ከተከፈተው ፖስታና ከወረቀቱ ጎን አስቀመጥኩት።

«ጋሽ ማኅተም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስቲ ያስተያዩት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው አራት በአራት እያሉ ተከተሉ። ከመጨረሻው አራት ሲደርሱ ጣታቸው እዚያው ቀረ።

«ከየት አገኘኸው?»

«አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀምጬ ሰማሁት።»

ሽማግሌው በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዛሬም ይገርመኛል። ራሳቸውን አልያዙም፣ አልተቆጡም። ወደ እትዬ ዞረው «በሮቹን ከሬዲዮ አውጪና በእጅ ላይ አድርጊ። የዛሬው ቁልፍ ተሰርዟል» አሉ። ለማእከሉም ስልክ ደውለው ያንኑ አዘዙ። ወረቀቱንና የእኔን ገጽ አንድ ላይ ቀደው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በኋላ ነው ወንበር ፈልገው የተቀመጡት።

«ማን ነው ጮኸህ አንብብ ያለህ?» ብለው ዘበኛውን ጠየቁት።

«አቤት?» አለ ዘበኛው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

«ማን ነው እንድትጮኽ ያዘዘህ!»

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ!» አለ ዘበኛው ደንግጦ፣ በግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው የወየበ ወረቀት እያመለከተ።

ወረቀቱን አነበብኩት። በጋሽ ማኅተም የእጅ ጽሑፍ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተጻፈ ነበር፦ «ቁጥሩን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው ይጻፍ። ብቻውን የሚጽፍ ይሳሳታል።» ከሥሩ ማኅተሙ አለ።

እትዬ ነገሩን አስረዳች። «ያኔ አንዷ ባልደረባዬ ሁለት ቁጥር አገላብጣ ጽፋ፣ ጣቢያው ሁለት ቀን ሙሉ ትእዛዝ አልቀበል ብሎ ነበር። ጋሼ ይህን ሥርዓት ያወጡት ለዚያ ነው፤ ደግሞም ጠቅሞናል። በዚያን ጊዜ ሁለት ነበርን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን በሹክሹክታ ነበር የምናነበው። እሷ ስትዛወር ቦታዋ ክፍት ቀረ። እኔ መሣሪያው ጋ ስቀመጥ የሚያነብልኝ ዘበኛው ነው። እሱ የራሱን ድምፅ ካልሰማ ያነበበ አይመስለውም።»

ስለዚህ ሁለቱም ያዩት እውነት ነበር። ሰሙ አልተነካም፤ ቁልፉም ወጥቷል። ማንም ሳይሰርቀው፣ በታማኝ ሰዎች አፍ፣ በታማኝ ሰው ትእዛዝ ወጥቷል። ማክሰኞ ዕለት በሩን የከፈተው ማን እንደ ሆነ ፖሊስ ይፈልገው፤ እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንዴት እንደ ተከፈተ ግን ያን ጠዋት አወቅን።

ኢንጂነሯ ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ወንድሜ፣ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሌላ ሰው አለ ብዬ ስጽፍ በልቤ አንተን ነበር የጠረጠርኩት።»

«እኔን?» አለ ሹፌሩ። «ለዚህ ነው አርባ ደቂቃ አብረን ስንመጣ ዘፈኔን ያልወደድሽው?»

ሁሉም ሳቁ፤ ከጋሽ ማኅተም በቀር። እሳቸው የናስ ማኅተማቸውን በእጃቸው ይዘው ያገላብጡታል።

«እንግዲያው መድኃኒቱ ቀላል ነው» አሉ። «መስኮቱ ይዘጋ። ለአንድ መስኮት ብላችሁ የሃያ ስድስት ዓመት ሥርዓት አታፈርሱም።»

«ጋሼ፣ መስኮቱን ከዘጋሁት መሣሪያው በግማሽ ሰዓት ይግላል» አለች እትዬ። «እኔም አብሬው።»

«መስኮቱ ቁጥር ሲነበብ ይዘጋ፤ አጎቴ ልክ ናቸው» አለች ኢንጂነሯ። «ዛሬ ማድረግ የምንችለው ይህንኑ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጸሐፊው ውጭ ቁጥሩን ሲሰማ እዚህ ውስጥ ምን ጎደለ?»

«ምን ይጎድላል? ምንም።»

«ምንም አልጎደለም። ድምፅ አንድ ሰውም ቢሰማው መቶ ሰውም ቢሰማው ያው ነው፤ ለሚገባው ሰው የሚደርሰው አይቀንስም። ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ፎቶ ቢነሣ ቀለሙ አይደበዝዝም። ሬዲዮም እንዲሁ ነው። የተቀዳ ቁጥር እንደ ተቀዳ የሚናገር ምልክት የለውም። መስኮቱን ዘግተን ነገ በስልክ ቢነበብ፣ ከነገ ወዲያ በትከሻ ላይ አሻግሮ ቢታይ፣ እርስዎ አሁንም ሰሙን አይተው "አልተነካም" ይላሉ። እውነትዎን ነው የሚሉት። ችግሩም ይኼው ነው።»

እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«አዲሱ መሣሪያ ቁልፉን የሚሠራው በብርሃን ቅንጣት ነው። ከማእከሉ ጣራ ወደዚህ ጣራ እጅግ ጥቃቅን የብርሃን ቅንጣቶችን አንድ በአንድ ይልካል። እያንዳንዷ በሆነ አቅጣጫ ዘንበል ብላ ትመጣለች። መንገድ ላይ ሊያያት የሚሞክር ሰው በየትኛው አቅጣጫ መመልከት እንዳለበት አያውቅም፤ ሲነካት ያዛንፋታል። ቀድቶ አንዷን ለራሱ፣ አንዷን ለእኛ ሊያደርግ አይችልም። ተፈጥሮ ያንን አትፈቅድም። በኋላ ሁለቱ መሣሪያዎች ከተላከው ጥቂቱን ያመሳክራሉ። መዛነፉ ከልክ ካለፈ "መንገድ ላይ ሰው ነበረ" ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ቁጥር ይጣላል። ለማንም አይጠቅምም።»

ጋሽ ማኅተም ማኅተሙን ማገላበጥ አቆሙ።

«ቆይ ቆይ። የእኔ ሰም ያረፈው በወረቀቱ ላይ ነው።»

«አዎን።»

«የእናንተ ሰም ግን ቁጥሩ ራሱ ላይ ነው ያረፈው። ቁጥሩን የነካ ሰሙን ይሰነጥቀዋል።»

«እኔ ሦስት ዓመት ተምሬ እንዲህ አሳጥሬ መናገር አልቻልኩም» አለች ኢንጂነሯ።

ሰው ተረታ የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ጋሽ ማኅተም ግን ነገር በመውደድ ብቻ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ፈታኝ መምህር ተዘጋጁ።

«ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ቁልፉን ራሱን በሌላ ቁልፍ ቆልፋችሁ በሬዲዮ ብትልኩትስ? በስልካችሁ ሁሉ እንደዚያ ታደርጉ የለም?»

«እናደርጋለን፤ መጥፎም አይደለም። ብርሃን በማይደርስባቸው ቦታዎች ወደፊትም በዚያው እንሠራለን። ግን ያ መቆለፊያ አስቸጋሪ ሒሳብ ነው። የዛሬን መልእክት ቀድቶ አስቀምጦ፣ ሒሳቡን የሚፈታ ማሽን ሲመጣ የሚከፍት ሰው አይጠፋም። ብርሃኑ ግን በሒሳብ ክብደት አይደለም የሚጠበቀው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።»

«ጭጋግስ? ይህ ኮረብታ በክረምት የራሱን አጥር አያይም።»

ኢንጂነሯ ፈገግታዋን ዋጠች። «እዚህ ላይ ረቱኝ። በጭጋግ አይሠራም። ፀሐይ ስትበረታም ይቸገራል። ገመድ ለተዘረጋላቸው ለሦስቱ ጣቢያዎች ብርሃኑን በፋይበር፣ ማለትም በመስታወት ክር እንልካለን፤ እነሱ ጭጋግ አያውቁም። ይኼኛው ጣቢያ ግን ከሸለቆው ማዶ ስለሆነ በአየር ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አየሩ ሲጠራ ከሚያስፈልገን በላይ ቁልፍ ሠርተን እናጠራቅማለን፤ በጭጋግ ቀን ከተጠራቀመው እየቀዳን እንጠቀማለን።»

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው ተመለከቱ። «ዝናብ ሲኖር ማጠራቀም፣ ሲደርቅ መቅዳት። ይህንንማ ለውኃ ሰው አታስተምሪውም። ጭጋጉ ከተጠራቀመው በላይ ቢቆይስ?»

«ያን ጊዜ ወደ ሒሳቡ መቆለፊያ እንመለሳለን። እሱም ካቃተ በሮቹ በእጅ ይሆናሉ፤ አሁን እርስዎ እንዳደረጉት።»

«ሰው ሆን ብሎ ብርሃኑን እየጋረደ ቢያስቸግረንስ?»

«ሊያስቸግረን ይችላል። ቁልፍ እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላል። ቁልፉን ሊያውቅ ግን አይችልም፤ መጋረዱንም ወዲያው እናውቃለን።»

ጋሽ ማኅተም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ፣ በልባቸው አስቀምጠውት የነበረውን አወጡት።

«እንግዲህ ንገሪኝ። ይህ መሣሪያ ከማዶ የሚያነጋግረው የእኛ መሣሪያ መሆኑን በምን ያውቃል? አንድ አጭበርባሪ ከመሐል ቆሞ፣ ወደዚህ ማእከል ነኝ፣ ወደዚያ ጣቢያ ነኝ ቢልስ?»

ኢንጂነሯ በኋላ በመኪና ስንመለስ እንደ ነገረችኝ፣ ይህን ጥያቄ ከቦርዱ አባላት አንድም ሰው አልጠየቃትም።

«አያውቅም» አለች። «ብርሃኑ ብቻውን ያንን ሊነግረን አይችልም። ሁለቱ መሣሪያዎች እንዲተዋወቁ መጀመሪያ ላይ አንድ የጋራ ምስጢር ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ራሳቸው አዲስ እየሠሩ ይቀጥላሉ። ያ የመጀመሪያው ምስጢር ግን በብርሃን አይመጣም። የሚታመን ሰው በእጁ ይዞት መምጣት አለበት።»

«በእጁ?»

«በእጁ፣ አጎቴ። በተዘጋች ትንሽ ሣጥን፤ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ። የሚያነበው የለም፤ የሚያደርሰው ግን ሰው ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። እኛ የተማርን ወጣቶች አዲስ ነገር ይዘን ስንመጣ፣ አሮጌው ሁሉ ከንቱ እንደ ነበረ አድርገን እንናገራለን። ሽማግሌዎቻችን የሚሸሹት ብዙ ጊዜ አዲሱን ነገር አይደለም፤ ዕድሜአቸው ከንቱ ነበር የሚለውን ፍርድ ነው። ኢንጂነሯ ያን ጠዋት አጎቷን ያሸነፈቻቸው በምታውቀው ብቻ አይመስለኝም። መሣሪያዋ የማይችለውን ሳትደብቅ ስለ ነገረቻቸው ጭምር ነው። እሳቸውም በበኩላቸው፣ ክብራቸውን ሊያድኑ ሲሉ በዓይናቸው ያዩትን አልካዱም።

የለውጡ ጥቅም ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚለወጠው ቁልፍ በየደቂቃው ሊለወጥ ይችላል። በሰው አፍ አይነበብም፣ በሰው ዓይን አይታይም። የሚሰልል ቢኖር ጎርፍ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይታወቃል። ሬዲዮው፣ አንቴናው፣ ይህን ሁሉ ሲያገለግሉ የኖሩት ሰዎችም ከሥራቸው አይነሡም፤ ይልቁን ሥራቸው ይጠበቅላቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን የምወደው ጥቅም ይህ ነው፦ አንድ ነገር ሲበላሽ ሹፌር በሹፌርነቱ፣ ዘበኛ በዘበኛነቱ ተጠርጥሮ ቤቱ አይገባም።

ጋሽ ማኅተም ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። የወየበውን ወረቀት ከነፕላስተሩ ላጡት፣ አጥፈውም ሰጡኝ።

«ይኼን ከሪፖርትህ ጋር አያይዘው» አሉኝ። «እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ የላይኛው ጣቢያ ቁልፍ የወጣው እኔ ባወጣሁት ሥርዓት ነው። ሹፌሩም፣ እትዬም፣ ዘበኛውም የሠሩት የታዘዙትን ነው። የታችኛውን ሰፈር አናጺ ሄጄ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነኝ።»

«አጎቴ፣ ሥርዓቱን ሲያወጡት እኮ ትክክል ነበር» አለች ኢንጂነሯ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ሲወጣ ትክክል ነበር። ሲኖር ተመልሼ አላየሁትም። የማስረከቢያውን ቅጽ አምጪው።»

ከቦርሳዋ አወጣችው። ሦስት ሳምንት ይዛው ስትዞር ጠርዙ ተጣጥፏል። ጠረጴዛው ላይ አስተካክለው ፈረሙ፤ ከልማዳቸው የተነሣ ሰሙን ሊያቀልጡ ቆርቆሮውን አወጡና፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ምን አሉ?» አለ ዘበኛው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ። «ፈረሙ እንዴ?»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። ወደ ተከፈተው መስኮት ቀረቡ። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ያሉት ሰዎች ቀና አሉ። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለዘበኛውም ለመንገደኛውም እኩል በሚሰማ አነጋገር እንዲህ አሉ፦

«ክፍሌን ለአዲሱ መሣሪያ አስረክባለሁ! የመጀመሪያዋን ሣጥን ግን እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳያነባት! ይኼን የፈለገ ይስማው!»